አንቲቫይረስ አጥፉ የሚለውን ምክር አንሱልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ከረማችሁ። የቴክኖሎጂ ገጻችሁን ሳላነብ የማልፍበት ሳምንት የለም። ያለፈውን እትም ግን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። የኮምፒውተር ስክሪን በቪዲዮ ስለመቅዳት የወጣው ጽሑፍ፣ አንባቢ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ሌላ ሰው የሰበረውን ሪከርደር ፈልጎ እንዲያወርድ፣ አንቲቫይረሱ ከጮኸ ደግሞ ለጊዜው እንዲያጠፋው ይመክራል። እባካችሁ ይህን ምክር አንሱት። ይህን የምላችሁ ልክ እንደዚያ አድርጌ ስለተቃጠልኩ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቢሮ ውስጥ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ኤክሴል ላይ የወር ሪፖርት እንዴት እንደሚሠራ የማሳየው እኔ ነኝ። አንድ ዓይነት ነገር ደጋግሞ ማስረዳት ያደክማል። አንዴ በቪዲዮ ቀድቼ ባስቀምጠው እገላገላለሁ ብዬ ሪከርደር ፍለጋ ገባሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት ነጻ ነው የተባለ ፕሮግራም ነበር። አርባ ደቂቃ ሙሉ ሳስረዳ ቆይቼ ስከፍተው የተቀዳው የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። በዚያ ላይ በምስሉ አናት የፕሮግራሙ ስም ተለጥፎበታል። ሙሉውን ከፈለግህ ክፈል ይላል። እኔም ክራኩን ፈለግሁ።

ያወረድኩት ዚፕ ፋይል ውስጥ ሦስት ነገሮች ነበሩ። መጫኛው፣ ክራኩ፣ እና አንዲት አጭር የጽሑፍ ፋይል። የጽሑፍ ፋይሏ ላይ ያነበብኩትን ዛሬም አልረሳውም። አንቲቫይረስህን ዝጋ፣ ክራኩን እንደ አድሚኒስትሬተር ክፈተው ትላለች። አደረግሁ። ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ጠፋ። ከዚያ ፕሮግራሙ ተከፈተ፣ ቀዳ፣ የተለጠፈ ስም የለበትም። ደስ አለኝ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አንድ ጓደኛዬ ደወለ። "ሰላም ነህ? ገንዘብ ላክልኝ ብለህ የጻፍክልኝ እውነት አንተ ነህ?" አለኝ። እኔ ምንም አልጻፍኩም። ኢሜይሌን ልከፍት ስሞክር የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል። ማስመለሻ ብዬ ያስገባሁት ስልክ ቁጥርም ተነስቷል። በዚያ ኢሜይል የተከፈተ ነገር ሁሉ አብሮ ሄደ፤ ከሁሉም ከሁሉም ያንገበገበኝ ደግሞ የዓመታት የቤተሰብ ፎቶ ነው። እስከዛሬ አላስመለስኩትም።

ክራክ የተደረገ ማንኛውም ፕሮግራም አደገኛ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። የስክሪን ሪከርደር ግን ከሌሎቹ ለየት ይላል። ሥራው ራሱ ማየት ነዋ! ማይክሮፎናችሁን ይሰማል፣ ካሜራችሁን ሊከፍት ይችላል፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሁሉ ያያል። የባንክ ሒሳባችሁን ስትከፍቱ አለ። ለሐኪም የምትጽፉትን መልእክት ያያል። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ከማይታወቅ ሰው ተቀብሎ ኮምፒውተር ላይ መጫን የቤት ቁልፍ ለመንገደኛ እንደመስጠት ነው።

የኦፐሬቲንግ ሲስተም ሠሪዎቹም ይህን ያውቁታል። ማክ ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ካታሊና ከሚባለው የማክ ሲስተም ጀምሮ፣ የትኛውም ፕሮግራም ስክሪን ለመቅዳት የባለቤቱን ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ራሳችሁ ካልፈቀዳችሁለት አያይም። ሊኑክስ ላይ ዌይላንድ በሚባለው አዲሱ አሠራርም ፕሮግራሙ ስክሪናችሁን ለማየት ሲፈልግ ሲስተሙ የትኛውን መስኮት ልስጠው ብሎ ይጠይቃችኋል። ዊንዶውስ ላይ ግን ተራ የዴስክቶፕ ፕሮግራም አንዴ ከተጫነ ማንንም ሳይጠይቅ ስክሪኑን መቅዳት ይችላል። አብዛኛው አንባቢያችሁ የሚጠቀመው ደግሞ ዊንዶውስ ነው ብዬ እገምታለሁ። እዚያ ላይ የቀረውን አንድ ዘበኛ፣ አንቲቫይረሱን፣ አጥፉት ብላችሁ መምከራችሁ ነው ያስደነገጠኝ።

የሚያሳዝነው ደግሞ ለአብዛኛው ሰው ማውረድ አለማስፈለጉ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? መቅጃው ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ።

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ካላችሁ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ሺፍትን እና ኤስን አንድ ላይ ተጫኑ። ስክሪኑ ደብዘዝ ይላል፣ ማውሱ የመስቀል ምልክት ይሆናል፤ የፈለጋችሁትን ቦታ ብቻ ከልላችሁ ትይዛላችሁ። ይህ ለስክሪንሾት ነው። ለቪዲዮ ዊንዶውስ 11 ላይ ስኒፒንግ ቱል የሚባለውን ክፈቱና የቪዲዮ ካሜራ ምልክቱን ተጫኑ። እ.ኤ.አ. በ2023 የተጨመረ ነው፤ የምትቀዱትን ቦታ ትከልሉለታላችሁ፣ ማይክሮፎኑን ትከፍታላችሁ፣ ይቀዳል። የአሥር ደቂቃ ገደብ የለው፣ የሚለጠፍ ስም የለው። እኔ ያን ሁሉ መዘዝ ያመጣሁበትን የኤክሴል ቪዲዮ ዛሬ የምሠራው በዚህ ነው።

ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ ደግሞ የዊንዶውስ ቁልፍ፣ አልት እና አር። ጌም ባር የሚባለው ነው። ስሙ ለጌም የተሠራ ያስመስለዋል፤ ብሮውዘርም ኤክሴልም ይቀዳል። የሚቀዳው ግን ያን ጊዜ የከፈታችሁትን አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ባዶ ዴስክቶፕ ወይም የፋይል መክፈቻውን መስኮት አይቀዳም፤ ብዙ ሰው "አይሠራም" ብሎ የሚተወው እዚህ ጋ ነው። የተቀዳው ቪድዮስ በሚለው ፎልደር፣ ካፕቸርስ በሚለው ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ማክ ያላችሁ ኮማንድ፣ ሺፍት እና 5። እ.ኤ.አ. በ2018 ሞሃቪ ከሚባለው የማክ ሲስተም ጋር የመጣ ነው፤ ፎቶውም ቪዲዮውም እዚያው ነው። ኦፕሽንስ ውስጥ ገብታችሁ ማይክሮፎኑን መምረጥ እንዳትረሱ፤ ካልመረጣችሁ ቪዲዮው ድምፅ አልባ ይሆናል። ሊኑክስ ላይ ኖም የሚባለውን የዴስክቶፕ ዓይነት የሚጠቀም ሰው ደግሞ ከ2022ቱ ኖም 42 ወዲህ ፕሪንት ስክሪን የሚለውን ቁልፍ ብቻ ይጫን፤ ሁለቱም አንድ ቦታ ይመጡለታል።

እነዚህ ሁሉ አጫጭር ነገር ለመቅዳት ናቸው። ካሜራችሁን በጥግ አድርጋችሁ፣ የኮምፒውተሩን ድምፅና የራሳችሁን ለይታችሁ፣ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ትምህርት መቅዳት ከፈለጋችሁ ኦቢኤስ ስቱዲዮ አለላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ያለ ነው። ነጻ ነው፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው፣ ዊንዶውስ ላይም ማክም ሊኑክስም ላይ ይሠራል። ክራክ የሚባል ነገር ጭራሽ አያስፈልገውም። ስክሪንሾት ላይ ቀስትና ቁጥር እየጨመረ የሚሠራ ሰው ዊንዶውስ ላይ ሼርኤክስ፣ ሊኑክስ ላይ ፍሌምሾት ይሞክር። ሁለቱም እንደዚያው ነጻ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ኦቢኤስን ጎግል ላይ ፈልጋችሁ መጀመሪያ የመጣውን አትጫኑ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ሌቦች የኦቢኤስን ገጽ አስመስለው ሠርተው፣ በማስታወቂያ ከፍለው ከእውነተኛው በላይ እንዲወጣ አድርገው ነበር። ያወረደው ሰው ቫይረስ ነው ያወረደው። አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉት፤ ኦቢኤስ ፕሮጀክት የሚሉትን ሁለት ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ያለ ክፍተት አያይዛችሁ መጨረሻው ላይ ዶት ኮም ጨምሩ። ይህን ታህል ጥንቃቄ አንድ ደቂቃ አትወስድም።

ኦቢኤስን የጀመረ ሰው ሁለት ቦታ ላይ ይቸገራል፤ እኔም ተቸግሬያለሁ። አንደኛው ኮምፒውተሩ መንቀርፈፉ ነው። ምክንያቱን ማወቅ ይረዳል። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን አንዷ ምስል ሳትጨመቅ 6.2 ሜጋባይት ገደማ ትሆናለች። በሴኮንድ 30 ምስል ሲያዝ 186 ሜጋባይት ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ እዚያው በዚያው እየጨመቀ ነው የሚያስቀምጠው፤ ለዚህ ነው የሚግለውና የሚንተፋተፈው። ኤክሴል ለማሳየት በሴኮንድ 60 ምስል (ፍሬም) ምን ያደርጋል? 30 ይበቃል። ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ ኢንኮደር (ቪዲዮውን የሚጨምቀው) የሚለው ቦታ ላይ የግራፊክስ ካርዳችሁ ስም ካለ እሱን ምረጡ፤ ሸክሙ ከፕሮሰሰሩ ላይ ይወርዳል። ቢትሬት የሚለውን፣ ማለትም አንድ ሴኮንድ ቪዲዮ የሚይዘውን መጠን፣ 2500 ኪሎቢት ብታደርጉት አንድ ሰዓት ቪዲዮ 1.1 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ጽሑፉም ይነበባል።

ሁለተኛው መብራት ነው። አንድ ቀን ሰዓት ተኩል ሙሉ ስቀዳ ቆይቼ ልጨርስ ስል መብራት ጠፋ። ፋይሉ አለ፣ መጠኑም ትልቅ ነው፣ ግን አይከፈትም። በኋላ ነው ምክንያቱ የገባኝ። የለመድነው ኤምፒ 4 ፋይል፣ የትኛው ምስል የት እንዳለ የሚናገረውን ማውጫ የሚጽፈው መጨረሻ ላይ፣ ቅጂው ሲቆም ነው። ሳይቆም ከጠፋ ማውጫ የለም፤ ማውጫ የሌለውን ፋይል ደግሞ ማጫወቻው ማንበብ አይችልም። ኤምኬቪ የሚባለው ዓይነት ግን እስከተቋረጠበት ድረስ ያለው ይተርፋል። ኦቢኤስ ላይ ሪከርዲንግ ፎርማት የሚለውን ኤምኬቪ አድርጉትና ስትጨርሱ ፋይል ከሚለው ሜኑ ውስጥ ሪመክስ ሪከርዲንግስ የሚለውን ተጫኑ። በሴኮንዶች ውስጥ ወደ ኤምፒ 4 ይለውጥላችኋል፤ ጥራቱም አይቀንስም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ፕሮግራሙ ነው። ፕሮግራሙ የሚታመን ቢሆን እንኳ የሚቀዳው ነገር ጉዳይ አለ፤ ጽሑፋችሁ ደግሞ ስለዚህ አንድም ቃል አላነሳም።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለስብሰባ የሚሆን ቪዲዮ ቀድታ ለሠላሳ ሰው ላከች። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ከስክሪኑ ቀኝ ጥግ መልእክት ብቅ ይላል። ከእህቷ ነው። የምርመራ ውጤት ነው የሚናገረው። አራት ሴኮንድ ብቻ ነው የቆየው። ሠላሳ ሰው ግን አንብቦታል። ልጅቷ ስታወራ ድምፅዋ ላይ ይታወቃል፣ አይታዋለች፣ ግን ቆርጣ ማውጣት እንደምትችል አላወቀችም። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ሰው እንዴት ነሽ ሲላት ዓይኗን ትሰብር ነበር።

ስለዚህ መቅዳት ከመጀመራችሁ በፊት መልእክቶቹን ዝጉ። ዊንዶውስም ማክም አትረብሹኝ የሚል ማብሪያ አላቸው። ኦቢኤስ ላይ ደግሞ ዲስፕሌይ ካፕቸር ስክሪኑን በሙሉ ነው የሚቀዳው፤ ዊንዶው ካፕቸር ግን የመረጣችሁትን መስኮት ብቻ ነው፤ ጥግ ላይ ብቅ የሚል መልእክት እዚያ ውስጥ አይገባም። እኔ አሁን ዲስፕሌይ ካፕቸርን አልነካውም። ብሮውዘር የምታሳዩ ከሆነም ሌሎቹን ታቦች ዝጉ። የታብ ስም ብዙ ነገር ይናገራል። ስብሰባ ስትቀዱ ደግሞ ፊታቸውና ድምፃቸው የሚገባውን ሰዎች አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ይህ ለማንም ግልጽ ይመስለኛል።

ስክሪንሾትም እንዲሁ ነው። ቆርጬዋለሁ፣ አጥፍቼዋለሁ ብሎ መተማመን አይቻልም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 የተገኘውን ጉድ የሰማ ሰው ያስታውሰዋል። ዊንዶውስ 11 ስኒፒንግ ቱል ላይ አንድን ስክሪንሾት ከፍታችሁ ከቆረጣችሁት በኋላ በዚያው ፋይል ላይ ካስቀመጣችሁት፣ የተቆረጠው ክፍል ከፋይሉ ጀርባ ተደብቆ ይቀር ነበር። ፕሮግራሙ አዲሱን ትንሽ ምስል ከፊት ይጽፋል፣ የድሮውን ትርፍ ግን አያጠፋውም። የሚያውቅበት ሰው የቆረጣችሁትን መልሶ ማውጣት ይችላል። ማይክሮሶፍት ቶሎ ብሎ አስተካክሎታል። ከዚያ በፊት የተላኩት ፋይሎች ግን እንደተላኩ ናቸው። እኔ ይህን ከሰማሁ ወዲህ ሙሉ ስክሪን ይዤ መቁረጥ ትቻለሁ። ከመጀመሪያው የሚያስፈልገኝን ቦታ ብቻ ነው የምከልለው።

ጽሑፍ የሚያደበዝዙም አሉ። የይለፍ ቃል ላይ፣ የሒሳብ ቁጥር ላይ ፊደሉን ወደ ትልልቅ ካሬዎች የሚበታትን (ፒክሰል የሚያደርግ) ብሩሽ ያሳልፉበታል። እሱም አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ2020 እንዲህ የተደበዘዘ ጽሑፍ መልሶ የሚያወጣ፣ ማንም አውርዶ የሚሞክረው ፕሮግራም ወጥቷል። ከሥሩ ያለውን ጭራሽ የሚያጠፋው ድፍን ጥቁር ሳጥን ነው። ድፍን ይሁን ያልኩት በማድመቂያ እስክሪብቶ ጥቁር ቀለም የሚቀቡ ሰዎች ስላሉ ነው፤ እሱ ብርሃን ያሳልፋል፤ ምስሉን ትንሽ አብርቶ የሚያይ ሰው ያነበዋል። ከተቻለ ደግሞ ቁጥሩን ከመያዛችሁ በፊት እዚያው ገጹ ላይ በሐሰተኛ ቁጥር ቀይሩት። ይህን የመሰለ መፍትሔ የለም።

ሌላው ሰው የማያስበው የያዝነው ምስል የት እንደሚቀር ነው። ዊንዶውስ 11 እያንዳንዱን ስክሪንሾት ሳይጠይቅ ፒክቸርስ ውስጥ ስክሪንሾትስ የሚል ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ያ ፎልደር ዋንድራይቭ ከሚባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫ ጋር ከተያያዘ ወደ ኢንተርኔትም ይወጣል። የዊንዶውስ ቁልፍንና ቪን አንድ ላይ ስትጫኑ የሚመጣው ዝርዝርም የቀዳችኋቸውን እስከ 25 ነገሮች ይይዛል፤ ምስልም ጭምር። የጋራ ኮምፒውተር ላይ የምትሠሩ አሁኑኑ ሄዳችሁ እዩት።

ስክሪን ማየት ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ተምረውበታል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ሪኮል የሚባል ነገር አስተዋወቀ። በየጥቂት ሴኮንዱ ስክሪናችሁን እየያዘ ያስቀምጥና በኋላ ያያችሁትን ነገር ፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ። የደኅንነት ባለሙያዎች የተቀመጠው መረጃ በቀላሉ እንደሚነበብ ሲያሳዩ ጩኸት ሆነ፤ ኩባንያውም ሊያወጣው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አዘገየው። በ2025 ሲመለስ ባለቤቱ ራሱ ካልከፈተው የማይሠራ ሆኖ ነው የመጣው። ያን ሁሉ ጩኸት ያስነሳው የታወቀ ኩባንያ የሠራው ፕሮግራም ነው። ማን እንደሠራው የማይታወቅ ክራክ ሲሆን ግን ማንም አይጮኽም።

እግረ መንገዴን፣ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ "ይህ ምን ማለት ነው?" ብላችሁ የምትልኩ ወዳጆች፣ እባካችሁ ያችን ሦስት ቁልፍ ተጫኑ። በስልክ የተነሳው ምስል መስመር መስመር እየሆነ፣ መብራት እየተንጸባረቀበት፣ የስሕተቱ ቁጥር አይነበብም። ስታስቀምጡም የፋይሉ ዓይነት ፒኤንጂ ይሁን። ጄፔግ ለመልክዓ ምድር ፎቶ ጥሩ ነው፤ ፊደል ላይ ግን ዙሪያውን ያቆሽሸዋል።

ውድ አዘጋጆች፣ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። በሚቀጥለው እትም፣ ያ ጽሑፍ በወጣበት ገጽ ላይ፣ ክራክ አውርዱና አንቲቫይረስ አጥፉ የሚለው ምክር ስሕተት መሆኑን በግልጽ ጻፉ። በጥቃቅን ፊደል በመጨረሻው ገጽ አይሁን። ከሥሩ ደግሞ እነዚያን አቋራጭ ቁልፎች በትልቁ አትሙልን። ቆርጬ ቢሮ ግድግዳ ላይ፣ ከአዲሶቹ ሠራተኞች ጠረጴዛ በላይ እለጥፈዋለሁ። ምክሩን አንብቦ ፕሮግራሙን የጫነ አንባቢ ካለም፣ ዛሬውኑ ከሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ገብቶ መጀመሪያ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ይቀይር፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይክፈት፣ ያን ኮምፒውተር ደግሞ ፋይሎቹን አውጥቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ይጫንበት። እኔ ያን ለማድረግ አራት ቀን ዘግይቻለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ